የ1800ው የአሜሪካ ምርጫ ያለቀው በግዛቶች ምክር ቤት ነው

ለ2024ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የነብራስካ ግዛት ፖለቲከኞች አንድ ሕግ ለመለወጥ ደፋ ቀና ይሉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነብራስካ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ 5 ወኪሎች አሏት። 2ቱ በግዛቱ ጠቅላላ ድምፅ ላሸነፈው፣ 3ቱ ደግሞ በየምርጫ ክልሉ ላሸነፈው ይሰጣሉ። የኦማሃ ከተማ ክልል በ2008 ለኦባማ፣ በ2020 ለባይደን ሄዷል። ይህ ያስቆጫቸው ሪፐብሊካኖች 5ቱም ድምፅ ለአንድ አሸናፊ ይጠቅለል አሉ። የተቃዋሚዎችን የማጓተት ክርክር ለመዝጋት ከ49 የምክር ቤት አባላት የ33ቱ ድምፅ ያስፈልግ ነበርና ሴናተር ማይክ ማክዶኔል አልደግፍም ሲሉ ነገሩ ከሸፈ። ከዚያ አስቀድሞ፣ ተመሳሳይ ሕግ ያላት የሜይን ግዛት ዴሞክራቶች «ነብራስካ ከቀየረች እኛም እንቀይራለን» ሲሉ አስጠንቅቀው ነበር።

በጊዜው የብዙ ሰው ጥያቄ «ምርጫው ደጃፍ ላይ ደርሶ የጨዋታውን ሕግ መቀየር እንዴት ይፈቀዳል?» የሚል ነበር። አንዳንዱ ነገሩን የዘመኑ ፖለቲካ ብልሹነት ያመጣው አድርጎ አየው። ነገር ግን ድርጊቱ ከ220 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው። ዛሬ ከ50ው ግዛቶች 48ቱ የሚከተሉት «ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል» የሚለው አሠራር ራሱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ከየት መጣ ለሚለው የ1800ውን ምርጫ ያህል ግልጽ መልስ የሚሰጥ ታሪክ የለም። ዛሬ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ድምፅ የሚሰጡባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም በዚያ ታሪክ ውስጥ ዋና ተዋናዮች ነበሩ።

## ሕገ መንግሥቱ ክፍት የተወው በር

የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባሉት ተወካዮችና 2 ሴናተሮች ድምር ልክ ወኪል መራጮችን ይሰይማል፤ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ይህ አደረጃጀት ኤሌክቶራል ኮሌጅ ይባላል። ወኪሎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው አያውቁም። በአንድ ቀን፣ በየግዛታቸው ሆነው ድምፅ ይሰጡና ውጤቱን አሽገው ወደ ዋና ከተማው ይልካሉ።

ወኪሎቹ እንዴት ይሰየሙ ለሚለው ጥያቄ የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ አንቀጽ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሚያዝዘው መንገድ። ሕዝብ ድምፅ ይስጥ አይልም፤ አይስጥም አይልም። በ1800 የነበሩት 16 ግዛቶች ይህን ክፍተት እያንዳንዳቸው በፈለጉት መንገድ ሞሉት። በ10ሩ ግዛቶች ወኪሎቹን የሾመው ምክር ቤቱ ራሱ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይናና ኬንታኪ በምርጫ ክልል ተከፋፍለው እያንዳንዱ ክልል አንድ ወኪል ይመርጥ ነበር። ሮድ አይላንድና ቨርጂኒያ «ጄኔራል ቲኬት» የሚባለውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ የግዛቱ ድምፅ ሁሉ በአንድ ላይ ተቆጥሮ ብልጫ ያገኘው ወገን ወኪሎቹን ጠቅልሎ ይወስዳል ማለት ነው። እዚህ የጥቅል ምርጫ እንለዋለን። ቴነሲ ደግሞ ለየት ያለ መንገድ ነበራት፤ ምክር ቤቱ በየአውራጃው ሰዎችን ይሰይማል፣ እነዚያ ሰዎች ወኪሎቹን ይመርጣሉ።

ሌላም የአሠራር ጉድለት ነበር። እያንዳንዱ ወኪል 2 ድምፅ ይሰጣል፣ ነገር ግን የትኛው ለፕሬዚዳንት፣ የትኛው ለምክትል እንደሆነ አይለይም። ብዙ ድምፅ ያገኘው ፕሬዚዳንት፣ ተከታዩ ምክትል ይሆናል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የፓርቲ ዕጩ ጥምረት ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር፤ ይህ ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

በ1800 የተፋጠጡት ሁለት ወገኖች ነበሩ። ፌደራሊስቶች በሥልጣን ላይ ያሉትን ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስን ከደቡብ ካሮላይናው ቻርልስ ኮትስዎርዝ ፒንክኒ ጋር አቀረቡ። ሪፐብሊካኖች የሚባሉት ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ቶማስ ጄፈርሰንን ከኒው ዮርኩ አሮን ቡር ጋር አጣመሩ። እነዚህ ሪፐብሊካኖች በ1854 ከተመሠረተው የዛሬው ሪፐብሊካን ፓርቲ ጋር ዝምድና የላቸውም።

## ቨርጂኒያ የጀመረችው፣ ማሳቹሴትስ የመለሰችው

በ1796 አዳምስ ጄፈርሰንን ያሸነፈው 71 ለ68 ነበር። ከ138ቱ ወኪሎች ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 70 ነው። አዳምስ ካገኛቸው 71 ድምፆች 1 ከቨርጂኒያ፣ 1 ከሰሜን ካሮላይና የመጡ ነበሩ፤ ሁለቱም የጄፈርሰን ጠንካራ ግዛቶች፣ ሁለቱም በምርጫ ክልል የሚመርጡ። እነዚያ 2 ድምፆች ወደ ጄፈርሰን ቢዞሩ ውጤቱ 70 ለ69 ሆኖ ፕሬዚዳንቱ ጄፈርሰን ይሆን ነበር። ሪፐብሊካኖች ይህን ስሌት አልረሱትም።

በጥር 1800 የቨርጂኒያ ምክር ቤት የምርጫ ክልሉን አሠራር ሽሮ የጥቅል ምርጫን ተከለ፤ 21ዱም ወኪሎች ለአንድ ወገን። ጄፈርሰን በዚያው ወር ለአገረ ገዥው ለጄምስ ሞንሮ በጻፈው ደብዳቤ አመክንዮውን ሳይደብቅ አስቀምጦታል፦ ሁሉም ግዛት የሚከተለው ቢሆን በምርጫ ክልል መምረጥ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን 10 ግዛቶች በምክር ቤት ወይም በጥቅል እየመረጡ ሳለ የቀሩት 6ቱ አለማድረጋቸው ሞኝነት፣ እንዲያውም ከሞኝነት የባሰ ነው። የተሻለው ዘዴ የቱ እንደሆነ እያወቀ የባሰውን መረጠ። ብቻውን ድምፁን የሚከፋፍል ግዛት ራሱን ያዳክማልና።

ለውጡ በተግባር ቀላል አልነበረም። ቀድሞ በየአካባቢው አንድ የታወቀ ሰው ይመርጥ የነበረ ገበሬ አሁን 21 ስም ማወቅ አለበት። ሪፐብሊካኖች በሪችመንድ ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ በየአውራጃው ደግሞ ንዑስ ኮሚቴ አቋቁመው የስም ዝርዝሩን አሰራጩ። በዝርዝሩ አናት ላይ እንደ ጄምስ ማዲሰን፣ ጆርጅ ዋይዝና ኤድመንድ ፔንድልተን ያሉ በግዛቱ ሁሉ የተከበሩ ስሞች ነበሩ። ፌደራሊስቶች አናሳውን ድምፅ አልባ የሚያደርግ ሕግ ነው ብለው ተቃወሙ። የራሳቸውን ዝርዝር ግን «የአሜሪካ ሪፐብሊካን ዝርዝር» ብለው ሰየሙት፤ በቨርጂኒያ የፌደራሊስት ስም ምን ያህል እንደከበደ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የቨርጂኒያ 21 ድምፆች በሙሉ የጄፈርሰን ሆኑ።

መልሱ ከሰሜን መጣ። ማሳቹሴትስ አንዳንድ የምርጫ ክልሎች ወደ ሪፐብሊካኖች ሊያዘነብሉ እንደሚችሉ ስታይ ምርጫውን ከሕዝቡ ወስዳ ለምክር ቤቷ ሰጠች፤ 16ቱም ወኪሎች ለአዳምስ። ኒው ሃምፕሸርም እንዲሁ አደረገች። በ1796 እና በ1800 መካከል ቢያንስ 6 ግዛቶች የአመራረጥ መንገዳቸውን ቀይረዋል፤ ከእነዚህ በአንዱም ቢሆን የመርሕ ጥያቄ ከፓርቲ ስሌት ቀድሞ እንደታሰበ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ሜሪላንድ ላይ ግን ተንኮሉ በደራሲዎቹ ላይ ዞረ። የግዛቱ ፌደራሊስቶች ቨርጂኒያን ለማካካስ ወኪሎቹን ምክር ቤቱ ይሹም የሚል ሐሳብ አራመዱ። ሪፐብሊካኖች «ድምፃችሁን ሊነጥቋችሁ ነው» እያሉ በ1800 መጸው የምክር ቤት ምርጫ ቀሰቀሱና የታችኛውን ምክር ቤት አሸነፉ። የምርጫ ክልሉ ሕግ ሳይነካ ቀረ፤ ሜሪላንድም ለሁለቱ ወገኖች 5 ለ5 ተከፈለች። መራጮች ሕግ የመቀየር ሙከራን በቀጥታ የቀጡበት አጋጣሚ ይኸው ነው፤ ቨርጂኒያ ላይ ግን አልቀጡም፤ እዚያ ሕጉን የቀየረው ብዙኃኑ የሚደግፈው ወገን ነበርና።

## ኒው ዮርክ፦ 13 መቀመጫ፣ 12 ወኪል

በ1796 የኒው ዮርክ 12 ድምፆች በሙሉ ለአዳምስ ሄደው ነበር። ወኪሎቹን የሚሾሙት ሁለቱ የግዛቱ ምክር ቤቶች ስለሆኑ፣ እውነተኛው የፕሬዚዳንት ምርጫ የተካሄደው ከአፕሪል 29 እስከ ሜይ 1 ቀን 1800 ነው፤ የግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት፣ አሴምብሊ፣ በሚመረጥባቸው ሦስት ቀናት። የግዛቱ ሌላው ክፍል ተቀራራቢ ስለነበር ሚዛኑን የሚደፋው የኒው ዮርክ ከተማ 13 መቀመጫ ነበር፤ ከዓመት በፊት ደግሞ ፌደራሊስቶች ጠራርገው ወስደውት ነበር።

ማን መምረጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ለሴኔትና ለአገረ ገዥ ለመምረጥ 100 ፓውንድ የሚያወጣ ርስት ያስፈልግ ነበር። ለአሴምብሊ ግን 20 ፓውንድ የሚያወጣ ርስት ያለው፣ ወይም በዓመት 40 ሽልንግ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ይበቃል። ስለዚህ በከተማው የሚኖር ተከራይ የእጅ ባለሙያ ስለ አገረ ገዥው ድምፅ ባይኖረውም፣ በአሴምብሊው በኩል ፕሬዚዳንቱን ለመወሰን ድምፅ ነበረው። የአሮን ቡር ስልት የተመሠረተው በዚህ መራጭ ላይ ነው።

ቡር መጀመሪያ የፌደራሊስቶቹ መሪ አሌክሳንደር ሃሚልተን የዕጩዎቹን ዝርዝር እስኪያወጣ ታገሠ። የሃሚልተን ዝርዝር ብዙም የማይታወቁ ሰዎች የሞሉበት ነበር። ቡር ያን ካየ በኋላ የራሱን አወጣ፤ የቀድሞው አገረ ገዥ ጆርጅ ክሊንተን፣ የነጻነት ጦርነቱ ጄኔራል ሆራሺዮ ጌትስ፣ የቀድሞው የፖስታ ሹም ሳሙኤል ኦስጉድ፣ ብሮክሆልስት ሊቪንግስተን። የአሴምብሊ መቀመጫ ለእነዚህ ሰዎች ክብር የሚያንስ ነበር፤ ቡር አንድ በአንድ እየለመነ አሳመናቸው። እሱ ራሱ በከተማው አልተወዳደረም፤ በኦሬንጅ አውራጃ ቀርቦ በከተማው ያለውን ዘመቻ ለመምራት እጁን ነጻ አደረገ። ደጋፊዎቹ በየቀበሌው እየዞሩ የመራጮችን ስም፣ ዝንባሌና የገንዘብ አቅም መዘገቡ።

ገንዘቡም ሌላ ታሪክ አለው። በከተማው የነበሩት ሁለት ባንኮች ለፌደራሊስቶች የቀረቡ ነበሩ። ቡር በ1799 ለከተማው ንጹሕ ውኃ የሚያቀርብ «ማንሃተን ካምፓኒ» የተባለ ድርጅት እንዲመሠረት ምክር ቤቱን አስፈቀደ፤ በፈቃዱ ውስጥ ግን ትርፍ ካፒታሉን በሌላ ሥራ ላይ ማዋል ይችላል የሚል ሐረግ ሸጎጠ። የውኃ ድርጅቱ ወዲያው ባንክ ሆነ። በ1799ኙ ምርጫ መራጮች በዚህ ቀጥተውታል፤ በ1800 ግን ሪፐብሊካን ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ከፌደራሊስት ባንክ ደጅ መጥናት ተገላግለው ነበር። ይህ ለውጤቱ ምን ያህል እንደረዳ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። አንዳንዶቹ ድሉን የቡር የአደረጃጀት ጥበብ ያመጣው አድርገው ያዩታል፤ ሌሎች ደግሞ ለ1798ቱ የፌደራሊስት ሕጎች (መንግሥትን የሚተችን የሚያስቀጣው የስም ማጥፋት ሕግ አንዱ ነው) እና ለግብሮች የነበረው ጥላቻ ይበቃ ነበር ይላሉ። ልዩነቱ ከ500 ድምፅ በታች በሆነበት ከተማ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ያስቸግራል፤ ጥላቻው ባይኖር ዝርዝሩ አያሸንፍም፣ ዝርዝሩ ባይኖር ጥላቻው 13 መቀመጫ በሙሉ አያስገኝም ነበር።

ሪፐብሊካኖች 13ቱንም ወሰዱ። በሜይ 7 ሃሚልተን ለአገረ ገዥው ለጆን ጄይ ደብዳቤ ጻፈ። የአዲሶቹ ተመራጮች ዘመን የሚጀምረው በጁላይ ነው፤ ስለዚህ ተሰናባቹን የፌደራሊስት ምክር ቤት አስቸኳይ ስብሰባ ጥራና ወኪሎቹ በምርጫ ክልል በሕዝብ እንዲመረጡ ሕጉን ይቀይር አለው። ነገሩን የሚያስገርመው፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ይህንኑ የምርጫ ክልል ሐሳብ ሪፐብሊካኖች ለዚያው ምክር ቤት አቅርበው ፌደራሊስቶች ውድቅ ማድረጋቸው ነው፤ ያኔ የሚያሸንፉ መስሏቸው ነበር። ጄይ ፌደራሊስት ቢሆንም መልስ አልሰጠም። በደብዳቤው ጀርባ ላይ ለፓርቲ ዓላማ የቀረበ ሐሳብ እንደሆነና ሊቀበለው እንደማይገባው ጽፎ አስቀመጠው።

ጄይ እምቢ ባይል ኖሮ? የኒው ዮርክ 12 ድምፅ በሙሉ ለአዳምስ ቢሄድ የመጨረሻው ውጤት 77 ለ61 ሆኖ አዳምስ ያሸንፍ ነበር። በምርጫ ክልል ቢከፋፈል ደግሞ 5 ድምፅ ወደ አዳምስ መዞሩ ብቻ 70 ለ68 ያደርሰዋል።

## ፔንሲልቬኒያ፦ አንድ ቀን ሲቀር

ፔንሲልቬኒያ 15 ወኪል ነበራት፤ ነገር ግን እስከ ምርጫው ዓመት መገባደጃ ድረስ እንዴት እንደምትሾማቸው የሚደነግግ ሕግ አልነበራትም። ታችኛው ምክር ቤት በሪፐብሊካኖች እጅ ስለነበር የጥቅል ምርጫ ፈለገ። ሴኔቱ በፌደራሊስቶች እጅ ስለነበር የምርጫ ክልል ፈለገ። ስብሰባው ያለ ሕግ ተበተነ።

የሕዝቡ ዝንባሌ ግልጽ ነበር። በ1798 የወጣው የቤትና የመሬት ግብር በምሥራቁ የግዛቱ ክፍል በሚኖሩ ጀርመናዊ ገበሬዎች ዘንድ ቁጣ ቀስቅሶ በ1799 የጆን ፍሪስ አመፅ ተብሎ የሚታወቀውን አስከትሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሪፐብሊካኑ ቶማስ ማኪን አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በኦክቶበር 1800 ሪፐብሊካኖች ታችኛውን ምክር ቤት በሰፊ ብልጫ አሸነፉ። የሴኔት አባላት ዘመን ግን 4 ዓመት ሲሆን በየዓመቱ የሚመረጠው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፌደራሊስቶች 13 ለ11 በልጠው ቆዩ።

ማኪን በኖቬምበር ልዩ ስብሰባ ጠራ። ለሕዝብ ምርጫ ጊዜ አልቀረም፤ ወኪሎቹ በመላ አገሪቱ ድምፅ የሚሰጡት በዲሴምበር 3 ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ላይ ድምፅ ቢሰጡ ሪፐብሊካኖች 15ቱንም ይወስዳሉ። 13ቱ ሴናተሮች ግን ሴኔቱ እኩል ድርሻ ካላገኘ ምንም ሕግ አይወጣም አሉ፤ ያ ማለት ፔንሲልቬኒያ ጨርሶ ድምፅ አትሰጥም ማለት ነው። የመጨረሻው ስምምነት እንዲህ ሆነ፦ እያንዳንዱ ምክር ቤት 8 ዕጩ ያቀርባል፣ ከ16ቱ መካከል ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ላይ ሆነው 15 ይመርጣሉ። ውጤቱ በዲሴምበር 2 ታወቀ፤ 8 ለጄፈርሰን፣ 7 ለአዳምስ።

ስለ ሁለት አካላት ሚዛን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መልካም ጎኑ ነው። እዚህ ላይ ግን በሁለት ሰው ብልጫ የሚመራ፣ አብዛኛው አባሉ ከቀደሙት ዓመታት የቆየ ሴኔት የግዛቱን ክብደት ከ15 ወደ 1 ድምፅ ልዩነት አወረደው።

## ደቡብ ካሮላይና

የፔንሲልቬኒያ ነገር እንዲህ ሲያልቅ ዓይን ሁሉ ወደ ደቡብ ካሮላይና ዋና ከተማ ወደ ኮሎምቢያ ዞረ፤ የግዛቱ ምክር ቤት 8 ወኪል ይሾማል። የፌደራሊስቱ ዕጩ ፒንክኒ የአገሩ ልጅ ነው። የሪፐብሊካኖቹን ዘመቻ የመራው ደግሞ የሥጋ ዘመዱ ሴናተር ቻርልስ ፒንክኒ ነበር። ጄፈርሰንንና የአገራቸውን ልጅ አጣምሮ ለመምረጥ የቀረበ ሐሳብ ነበር፤ ዕጩው ፒንክኒ ግን ከአዳምስ አልለይም ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። 8ቱም ድምፅ ለጄፈርሰንና ለቡር ሆነ። ዘመቻውን የመራው ሴናተር በ1801 በስፔን የአሜሪካ ተጠሪ ሆኖ ተሾመ።

## እኩል ድምፅ፣ ከዚያም ግዛት በግዛት

ድምፁ ሲደመር ጄፈርሰን 73፣ ቡር 73፣ አዳምስ 65፣ ፒንክኒ 64፣ ጆን ጄይ 1 ሆነ። ፌደራሊስቶች ጠንቃቃ ነበሩ፤ ዕጩዎቻቸው እኩል እንዳይወጡ ከሮድ አይላንድ ወኪሎች አንዱ ሁለተኛ ድምፁን ለጄይ ሰጠ። ሪፐብሊካኖች ግን አንዱ ግዛት ሌላው ያደርገዋል ብሎ ስለተማመነ ከቡር ላይ አንድ ድምፅ የቀነሰ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከኮሎምቢያ እስከ ኒው ዮርክ ደብዳቤ ለማድረስ ቀናት ይፈጃል፤ በአንድ ቀን በ16 ከተማ የሚሰጥን ድምፅ ማቀናጀት የሚቻለው አስቀድሞ ከተነጋገሩ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ወደ ፌደራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። እዚያ የሚቆጠረው ሰው አይደለም፣ ግዛት ነው፤ ከ16ቱ የ9 ግዛት ድምፅ ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1801 በመጀመሪያው ዙር 8 ግዛት ለጄፈርሰን፣ 6 ለቡር፣ 2 ደግሞ እኩል ተከፋፍለው ያለ ድምፅ ቀሩ፤ ቨርሞንት 1 ለ1፣ ሜሪላንድ 4 ለ4። የሜሪላንዱ ጆሴፍ ኒኮልሰን በጠና ታሞ ሳለ በበረዶ ተሸክመው አምጥተውት ነበር፤ እሱ ቢቀር ሜሪላንድ የቡር ትሆን ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ 17 ድረስ 35 ዙር ያለ ለውጥ አለፈ። የፔንሲልቬኒያው ማኪንና የቨርጂኒያው ሞንሮ ፌደራሊስቶች ሌላ ሰው በጊዜያዊነት ቢያስቀምጡ ሚሊሺያ ለማሰለፍ ይዘጋጁ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ድምፅ ባለመስጠት ነው። የዴላዌር ብቸኛ ተወካይ ጄምስ ባያርድ ባዶ ድምፅ ሰጠ። የደቡብ ካሮላይና ፌደራሊስቶችም እንዲሁ። የሜሪላንድ 4 ፌደራሊስቶች ባዶ ሲሰጡ ግዛቱ የጄፈርሰን ሆነ። የቨርሞንቱ ሉዊስ ሞሪስ ድምፅ ከመስጠት ሲታቀብ የግዛቱ ድምፅ የሌላው ተወካይ የማቲው ላየን ብቻ ሆነ፤ እሱም በፌደራሊስቶች የስም ማጥፋት ሕግ ታስሮ የወጣ ሰው ነው። በ36ኛው ዙር 10 ለ4 ሆነ፣ 2 ግዛት ባዶ። ባያርድ ከጄፈርሰን ወገን ስለ ሹመትና ስለ ብድር ፖሊሲ ዋስትና አግኝቼ ነበር ሲል በኋላ ቃሉን ሰጥቷል፤ ጄፈርሰን ድርድር አላደረግሁም ብሏል። በመካከል የነበረው የሜሪላንዱ ሳሙኤል ስሚዝ የጄፈርሰንን አስተያየት እንደራሱ አድርጎ ማስተላለፉ ሁለቱም እውነት የሚመስላቸውን እንዲናገሩ አስችሏቸው ይሆናል።

## የሕዝብ ድል ነበር?

ጄፈርሰን ድሉን እንደ አብዮት ያየው ነበር፤ በርካታ ጸሐፊዎችም ሕዝቡ መንግሥት የለወጠበት የመጀመሪያው ምርጫ ይሉታል። ተቃራኒው አስተያየት ከድምፁ ምንጭ ይነሣል። በሕገ መንግሥቱ የሦስት አምስተኛ ድንጋጌ መሠረት ባሪያ ተደርገው የተያዙ ሰዎች ድምፅ ሳይኖራቸው ለግዛታቸው የተወካይ ቁጥር ይደመሩ ነበር። ስሌቱን በቨርጂኒያ ማየት ይቻላል። በ1790 ቆጠራ 747,610 ነዋሪ ነበራት፣ ከእነሱም 292,627ቱ በባርነት የተያዙ። ነጻ ነዋሪዎቿ 454,983 ናቸው። በዚያን ጊዜ ለ33,000 ሰው 1 ተወካይ ስለሚመደብ፣ ነጻዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ 13 ተወካይ ይደርሳት ነበር። ሦስት አምስተኛው፣ ማለትም 175,576፣ ሲጨመር 19 ሆነ። በአንጻሩ ያኔ ሜይንን የምታጠቃልለው ማሳቹሴትስ 475,327 ሰው፣ ሁሉም ነጻ፣ ነበራት፤ የደረሳት 14 ተወካይ ነው። በነጻ ሕዝብ ብዛት የምትበልጠው ማሳቹሴትስ 16 ወኪል፣ የምታንሰው ቨርጂኒያ 21።

በአገር ደረጃ ይህ ድንጋጌ ለጄፈርሰን 12 ያህል ድምፅ እንዳስገኘለት ይገመታል፤ ልዩነቱ ደግሞ 8 ብቻ ነበር። ለጄፈርሰን የሚከራከሩት በበኩላቸው የፔንሲልቬኒያ ሴኔት የነጠቀውን 7 ድምፅና የማሳቹሴትስን ምክር ቤት ያነሣሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። የፔንሲልቬኒያው የአንድ ወቅት የፓርቲ ትግል ውጤት ነው። የሦስት አምስተኛው ግን በየምርጫው የሚደገም፣ ድምፅ የተነፈጉ ሰዎችን በቁጥር ለገዥዎቻቸው የሚያበረክት ቋሚ ሕግ ነበር። ከ16ቱ ግዛቶች 11ዱ (ቴነሲን ጨምሮ) የሕዝብ ድምፅ ስላላስቆጠሩ «ብዙኃኑ ማንን ፈለገ» ለሚለው ጥያቄ በቁጥር መመለስ አይቻልም።

## ከዚያ ወዲህ የተዘጋውና ያልተዘጋው

በ1804 የጸደቀው 12ኛው ማሻሻያ የፕሬዚዳንትና የምክትል ድምፅን ለየ፤ የጄፈርሰንና የቡር ዓይነት እኩልነት ዳግም አልተከሰተም። ወኪሎቹ እንዴት ይሰየሙ የሚለው ግን እንዳለ ቀረ። በ1812 የኒው ጀርሲ ፌደራሊስቶች ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሕዝቡን ድምፅ ሰርዘው ወኪሎቹን ራሳቸው ሾሙ። ሌሎቹ ግዛቶች የጄፈርሰንን አመክንዮ ተከትለው አንድ በአንድ ወደ ጥቅል ምርጫ ገቡ። ሜሪላንድ እስከ 1832 በምርጫ ክልል ከቆየች በኋላ ተወችው፤ በ1836 ከደቡብ ካሮላይና በቀር ሁሉም ጥቅል ሆኑ። ማንም በአገር ደረጃ አልወሰነውም፤ ጠንካራው ወገን በየግዛቱ ለብቻው እያሰላ የደረሰበት ነው። ዛሬም አንድ ግዛት ብቻውን ወደ ምርጫ ክልል ቢመለስ የሚጎዳው በግዛቱ ውስጥ አሸናፊ የሆነው ፓርቲ ስለሆነ፣ ሕጉን የመቀየር ሥልጣን ያለው ወገን ለመቀየር ምክንያት የለውም።

በ1891 ዴሞክራቶች የሚሺጋንን ምክር ቤት ሲይዙ ወደ ምርጫ ክልል አዞሩት። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1892 ሥልጣኑ የምክር ቤቱ ነው ተባለ። የሚሺጋን 14 ወኪሎችም በዚያ ዓመት 9 ለ5 ተከፈሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪፐብሊካኖች ሲመለሱ ሕጉን ሻሩት።

በ2022 የወጣው የኤሌክቶራል ቆጠራ ማሻሻያ ሕግ ወኪሎች የሚሰየሙት ከምርጫው ቀን በፊት በወጣ ሕግ መሠረት እንዲሆን ያዛል። ይህ ውጤት ከታወቀ በኋላ ሕግ መቀየርን ይከለክላል። ከምርጫው ቀን በፊት የሚደረገውን፣ ለምሳሌ የሃሚልተንን የሜይ ወር ዓይነት ጥያቄ ግን አይነካም። እሱን የሚያግደው የየግዛቱ የራሱ ሥርዓት ነው፤ የአገረ ገዥ እምቢታ፣ የምክር ቤት ደንብ፣ ወይም የግዛት ሕገ መንግሥት። ኮሎራዶ በ1876 ግዛት ስትሆን ጊዜ ስላጠራት 3 ወኪሎቿን በምክር ቤቷ ሾመች፤ ራዘርፎርድ ሄይስ በዚያ ምርጫ ያሸነፈው 185 ለ184 ነው። የግዛቱ ሕገ መንግሥት ግን ከዚያ በኋላ ወኪሎቹ የሚመረጡት በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ እንዲሆን ስለደነገገ፣ በኮሎራዶ ይህን ለመቀየር የምክር ቤት አብላጫ ድምፅ ብቻውን አይበቃም።